ሴንሰሩ በደሴ ጉም፣ ሴንሰሩ በኮምቦልቻ አቧራ

(ደሴ ላይ ለመምህራን፣ ለጤና ባለሙያዎችና ለተማሪዎች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሦስቱን መጨረሻ ላይ ጨምሬያለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ? ጊዜያችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሐምሌ ላይ ደሴ ውስጥ በጠዋት ከቤት ብትወጡ የጦሳን ተራራ የማታዩበት ቀን ብዙ ነው። ጉም ይውጠዋል። በዚያ ጠዋት በረንዳችሁ ላይ አንድ ርካሽ የአየር ብክለት ሴንሰር ሰቅላችኋል እንበል። ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል። ስልካችሁ ላይ ቀይ ይበራል። እናት ደንግጣ ልጇን ከትምህርት ቤት ልታስቀር ትችላለች። ሴንሰሩ ግን ከቆጠረው ውስጥ ብዙው ውሃ ነው።

ያንኑ ሴንሰር ነቅላችሁ ኮምቦልቻ ውረዱ። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። በጋ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ነፋሱ አቧራ ያነሳል። ዓይን ይቆረቁራል፣ ጉሮሮ ይደርቃል። ሴንሰሩ ግን ዝቅ ያለ ቁጥር ይዞ ቁጭ ብሏል። ስልኩ አረንጓዴ ነው።

መሣሪያው አንድ ነው። ደሴ ላይ አብዝቶ ይናገራል፣ ኮምቦልቻ ላይ አሳንሶ። ዛሬ ላሳምናችሁ የመጣሁት በአንድ ነገር ነው፦ እነዚህ ሴንሰሮች ለወሎ አየር እንዲያገለግሉ ከተፈለገ ካሊብሬት መደረግ፣ ማለትም ከትክክለኛ መሣሪያ ጋር ተነጻጽረው መስተካከል፣ ያለባቸው እዚሁ ወሎ ውስጥ፣ በራሳችን ጉም፣ በራሳችን ጭስና በራሳችን አቧራ ነው። ሌላ አገር ከተሠራ ቀመር ልንማር እንችላለን። እንዳለ ልንወስደው ግን አንችልም።

መጀመሪያ የምንለካውን ነገር በአጭሩ ላስተዋውቅ። ፒኤም 2.5 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ ነው። ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር አይበልጥም። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 70 ማይክሮሜትር ስለሚሆን፣ ልዩነቱን ገምቱት። አፍንጫም ጉሮሮም አያስቀሩትም። ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፣ ከውስጡ በጣም ደቃቁ ወደ ደምም ይሻገራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 መመሪያውን አጥብቆታል። የዓመት አማካዩ ከ5 ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ፣ የ24 ሰዓቱ ደግሞ ከ15 እንዳይበልጥ ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው የቀድሞው መመሪያ 10 እና 25 ነበር። ከዚህ በኋላ መለኪያውን እየደጋገምኩ አላሰለቻችሁም፣ ቁጥሩን ብቻ እጠራለሁ።

እነዚህን ቁጥሮች ያመጣኋቸው ለአንድ ምክንያት ነው። ወሰኑ 15 በሆነበት ጉዳይ ላይ፣ በ20 እና በ30 የሚስት ሴንሰር ምንም አልነገረንም ማለት ነው።

ሴንሰሩ እንዴት ይሠራል? ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ፕላንታወር፣ ሴንሲሪዮንና ኖቫ የተባሉ ኩባንያዎች የሚያመርቷቸው ናቸው። መጠናቸው የክብሪት ቀፎን ትንሽ ቢበልጥ ነው። ዋጋቸው በአስር ቤት የሚቆጠር ዶላር ነው። ውስጣቸው ትንሽ ፋን አለች፣ አየር ትስባለች። አየሩ በሌዘር ጨረር ፊት ያልፋል። ብናኝ ጨረሩን ሲነካ ብርሃን ይበተናል። በጎን በኩል ያለች ብርሃን አንባቢ ያንን ብልጭታ ትቀበላለች። ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት ነው።

ሴንሰሩ ክብደት አይመዝንም። ይህችን ያዙልኝ፣ ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ ከእሷ የሚመነጭ ነው። እኛ የምንጠይቀው «በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ውስጥ ስንት ማይክሮግራም ብናኝ አለ?» ብለን ነው። እሱ የሚያየው የተበተነ ብርሃን ነው። ከብርሃን ወደ ክብደት ለመሻገር ግምት ያስገባል፦ ብናኙ ይህን ያህል ይከብዳል፣ ቅርጹ ክብ ነው፣ ብርሃንን በዚህ መልክ ይበትናል። ግምቱን ያስገቡት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ፋብሪካው ደግሞ የደሴን የባህር ዛፍ ጭስ አያውቀውም።

ጉሙ የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ዓይነት ብናኝ እርጥበት ይወዳል። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ75 እና ከ80 በመቶ ሲያልፍ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል። ያበጠ ብናኝ ብዙ ብርሃን ይበትናል። ሴንሰሩም «ብናኙ ጨመረ» ይላል። የጉሙ ጠብታ ራሱም በሌዘሩ ፊት ሲያልፍ ይቆጠራል። ብዙዎቹ ርካሽ ሴንሰሮች አየሩን አሙቀው የሚያደርቁበት ነገር የላቸውም። እንግዲህ ክረምት ላይ ደሴ ውስጥ የተሰበሰበ ጥሬ ቁጥር፣ እርጥበቱ አብሮ ካልተመዘገበ፣ ለማንም አይጠቅምም።

አቧራው በተቃራኒው ነው። የፕላንታወር ዓይነት ሴንሰር በደንብ የሚያየው ከ0.3 እስከ 1 ማይክሮሜትር አካባቢ ያለውን ብናኝ ነው። ጭስ በአብዛኛው እዚያ ውስጥ ይወድቃል። አቧራ ግን ከዚያ ይተልቃል። ትልቁ ብናኝ በፋኗ ደካማ ትንፋሽ ወደ ሌዘሩ በደንብ አይደርስም፣ ቢደርስም በትክክል አይነበብም። ሴንሰሩ ፒኤም 10 (ስፋቱ እስከ 10 ማይክሮሜትር ያለው ብናኝ) ብሎ የሚሰጣችሁ ቁጥርም አብዛኛው ከደቃቁ ብናኝ ተነስቶ የተገመተ ነው። እኔ በበኩሌ የእነዚህን ሴንሰሮች የፒኤም 10 ቁጥር ለምንም ውሳኔ እንድትጠቀሙበት አልመክርም። ኮምቦልቻ ላይ ስለ አቧራ መናገር የሚፈልግ ሰው ሌላ መሣሪያ ያስፈልገዋል።

ከፍታውም ነገር አለው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል። በመማሪያ ክፍል ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለኩ የኢንፍራሬድ ሴንሰሮችን አይታችሁ ይሆናል። ከፍታውን ካልነገራችኋቸው ደሴ ላይ በሩብ ያህል አሳንሰው ያነባሉ። ክፍሉ ታፍኖ ሳለ «ደህና ነው» ይላሉ። በብናኝም በኩል አንድ ወጥመድ አለ። ትልልቆቹ መሣሪያዎች ውጤታቸውን በሁለት መንገድ መስጠት ይችላሉ፦ በቦታው ባለው አየር መጠን፣ ወይም በባሕር ጠለል ግፊትና በ25 ዲግሪ ሙቀት በተሰላ አየር መጠን። ደሴ ላይ አየሩ 15 ዲግሪ ሲሆን፣ በቦታው 30 የሆነው ቁጥር በሁለተኛው ስሌት 39 ገደማ ይሆናል። ብክለቱ ያው ነው፣ ቁጥሩ ግን ሌላ ነው። ሰው የሚተነፍሰው የቦታውን አየር ስለሆነ ለፒኤም 2.5 የመጀመሪያውን ያዙ። ሁለት ሰው በቁጥር ሲከራከር ከማየታችሁ በፊት ሁለቱም በየትኛው መንገድ እንዳሰሉት ጠይቁ።

እሺ፣ ታዲያ ሴንሰሩ ሲስት እውነቱን ማን ይነግረናል? ዋቢ መሣሪያ ይነግረናል። ዓይነቱ ሁለት ነው።

አንደኛው ፊልተር ነው። ፓምፕ አየር ይስባል። ትልልቁ ብናኝ በመግቢያው ላይ ይለይና ደቃቁ ፊልተሩ ላይ ያርፋል። ከ24 ሰዓት በኋላ ፊልተሩ ይመዘናል። አስቸጋሪው መመዘኑ ነው። የተለመደው ፓምፕ በደቂቃ 16.7 ሊትር ይስባል፣ ማለትም በቀን 24 ሜትር ኪዩብ። አየሩ ውስጥ 20 ማይክሮግራም ብናኝ ካለ፣ ቀኑን ሙሉ ደክሞ የሚሰበስበው 480 ማይክሮግራም ነው። ግማሽ ሚሊግራም አይሞላም። የአንድ ወይም የሁለት ጤፍ ፍሬ ክብደት ማለት ነው። ይህንን ክብደት ከፊልተሩ ክብደት ነጥሎ ለማወቅ ሙቀቱና እርጥበቱ የተወሰነ ክፍል፣ በማይክሮግራም የሚመዝን ሚዛንና ትዕግሥተኛ ባለሙያ ይፈልጋል። እንደዚህ ያለ ክፍል ሲኖረን ነው በቁጥሮቻችን የምንተማመነው።

ሁለተኛው ባም የሚባለው ነው። ብናኙን ጥቅል ቴፕ ላይ ያሳርፋል። በአንድ በኩል ካርቦን 14 የሚባል ጨረር አፍላቂ ንጥረ ነገር አለ፣ በሌላው በኩል ቆጣሪ። ቴፑ ላይ ብናኝ በበዛ ቁጥር የሚያልፈው ጨረር ይቀንሳል። ከቅነሳው ክብደት ይሰላል። መግቢያው ላይ ማሞቂያ ስላለው ጉሙን ያደርቀዋል። በየሰዓቱ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ችግሩ ዋጋው ነው፣ በአስር ሺህ ቤት ዶላር ይቆጠራል። ቴፑም ሁለት ወር ገደማ ነው የሚቆየው። መሣሪያ መለገስ የሚወድ ለጋሽ አይጠፋም። ቴፕ በየሁለት ወሩ የሚገዛ፣ ፓምፑን የሚጠግን፣ የባለሙያውን ደሞዝ የሚከፍል በጀት ግን ካልተያዘ መሣሪያው ሳጥን ሆኖ ይቀራል። ይህን የምለው ባለሥልጣን ካለ እንዲሰማኝ ነው።

ካሊብሬሽን የሚባለው እንግዲህ ርካሹን ሴንሰር ከዋቢው ጎን አስቀምጦ ሁለቱ በአንድ አየር ላይ ምን እንደሚሉ ማስተያየት ነው። ምሳሌ ልስጥ። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ተመራማሪዎች ፐርፕልኤር ለተባለው ሴንሰር አንድ ቀመር አሳትመዋል። የሴንሰሩን ቁጥር በ0.524 ታበዙታላችሁ። የእርጥበቱን መቶኛ በ0.0862 አብዝታችሁ ከዚያ ላይ ትቀንሳላችሁ። መጨረሻ ላይ 5.75 ትደምራላችሁ። በቃ። ሴንሰሩ 100 ቢል እና እርጥበቱ 90 በመቶ ቢሆን፣ የተስተካከለው ቁጥር 50 ገደማ ይሆናል። እርጥበቱ 30 በመቶ ቢሆን ደግሞ 56 ገደማ። አያችሁ? ጥሬው 100 በሁለቱም ጊዜ ወደ ግማሹ ወርዷል።

ይህ ቀመር ጥሩ ሥራ ነው፣ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ዋቢ መሣሪያዎች ላይ ተፈትኗል። ግን 0.524 የሚለው ቁጥር የመጣው ከዚያ አገር አየር ነው። የእኛ አየር የማገዶ፣ የኩበት፣ የከሰል፣ የአይሱዙና የባጃጅ ጭስ፣ የጠጠር መንገድ አቧራ ነው። ለእኛ ቁጥሩ 0.4 ይሁን 0.7 የሚነግረን ከዋቢ ጎን ማስቀመጥ ብቻ ነው። የቀመሩን ቅርጽ እንዋሳለን። ቁጥሮቹን ራሳችን እናገኛለን።

አሠራሩን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሴንሰሮቹን ሁሉ አንድ ላይ፣ አንድ ግድግዳ ላይ ለጥቂት ቀናት ስቀሏቸው። እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ካሉ ቶሎ ይታወቃሉ። የተለየውን አውጡት። ቀጥሎ ከዋቢው ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ፣ የአየር መግቢያቸው ተቀራራቢ ከፍታ ላይ ሆኖ፣ አስቀምጧቸው። ያው የአሜሪካው ኤጀንሲ የሴንሰር መፈተሻ መመሪያ 30 ቀን፣ በሁለት የተለያዩ ወቅቶች ወይም ቦታዎች ይላል። ለወሎ ሁለት ወቅት አይበቃም ባይ ነኝ። እኛ ጋ በልግ ለብቻው ወቅት ነው፣ ገበሬው ሁሉ ያውቀዋል። በልግ ሲገባ ዝናቡ ይመጣል ይጠፋል፣ አየሩ ይቀያየራል፣ አቧራውም እርጥበቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ይፈራረቃሉ። ስለዚህ በጋ፣ በልግና ክረምት፣ ሦስቱም ይፈተሹ።

ከዚያ ቁጥሮቹን በሰዓት አማካይ አድርጓቸው። በሰዓቱ ውስጥ ቢያንስ የ45 ደቂቃ ዳታ ከሌለ ያንን ሰዓት ጣሉት። በሴንሰሩ ቁጥር፣ በእርጥበቱና በሙቀቱ ላይ ተመሥርታችሁ ቀመር ሥሩ። እርጥበቱን ከሴንሰሩ ሳጥን ውስጥ ከወሰዳችሁ ሁልጊዜም ከዚያው ውሰዱ፣ ምክንያቱም ሳጥኑ ውስጥ ስለሚሞቅ እርጥበቱ ከውጭው ዝቅ ብሎ ይነበባል። ኮምቦልቻ የሜትሮሎጂ ጣቢያ አላት። የእሷን መረጃ ለማመሳከሪያ መጠየቅ ብልህነት ነው።

ተማሪዎች፣ ይህን በተለይ ለእናንተ ነው የምለው። ቀመራችሁን በሠራችሁበት ዳታ ላይ አትፈትኑት። ያየውን ፈተና መልሶ የሚፈተን ሁሉ ያልፋል። ዳታውን በሰዓት በሰዓት እየቆራረጣችሁ ግማሹን ለመሥሪያ፣ ግማሹን ለመፈተኛ ማድረግም አይበቃም። የ3 ሰዓት አየርና የ4 ሰዓት አየር ተመሳሳይ ናቸው። አንድ ሙሉ ሳምንት፣ ከተቻለ አንድ ሙሉ ወቅት ወደ ጎን አስቀምጡና ቀመሩን በዚያ ፈትኑት። የኤጀንሲው መመሪያ ከሚጠብቃቸው ነገሮች አንዱ አማካይ ስሕተቱ ከ7 እንዳይበልጥ ነው። እዚያ ካልደረሳችሁ ያልደረሳችሁበትን ቁጥር ጻፉት። አትደብቁት።

አሁን የምነግራችሁን በውጭ መመሪያዎች ውስጥ አታገኙትም። ሰዓት!

ብዙዎቹ ሴንሰሮች የሚመዘግቡት በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። የእኛ አገር ሰዓት ከእሱ በ3 ይቀድማል። በዚያ ላይ ሰዉ የሚቆጥረው በአገሩ አቆጣጠር ነው። አንዲት እናት «እንጀራ የጋገርኩት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው» ብትል፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 9 ሰዓት ነው። ሴንሰሩ ላይ ደግሞ 6 ሰዓት ተብሎ ነው የሚጻፈው። አንድ ምጣድ፣ ሦስት ሰዓት! ማስታወሻ የያዘው ተማሪ በአንዱ፣ ባሙ በሌላው፣ ሴንሰሩ በሦስተኛው ቢመዘግብ፣ ቀመሩ የጠዋቱን ጭስ ከቀትሩ ንፁህ አየር ጋር ያዛምዳል። ውጤቱ ምስቅልቅል ይሆናል። ሰዎች «ሴንሰሩ አይረባም» ብለው ይጥሉታል። ሴንሰሩ ምን አጠፋ? መብራት ሲጠፋ ሰዓታቸው ወደ ኋላ የሚመለስባቸው መሣሪያዎችም አሉ። መብራት በመጣ ቁጥር ሰዓቱን ማየት፣ የሰዓት ባትሪ ማስገባት፣ በፓወር ባንክ መደገፍ ግድ ነው። ዳታ ከመመርመራችሁ በፊት የሁሉንም ሰዓት ወደ አንድ አምጡ።

አንድ ጊዜ ካሊብሬት ተደርጎ ያበቃለትም የለም። ፋኗ አቧራ ትይዛለች፣ ሌዘሩ ይደክማል፣ ሸረሪት መግቢያው ላይ ድር ትሠራለች። ፐርፕልኤር ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ሴንሰር የሚያስገባው ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ችግር መኖሩ እንዲታወቅ ነው። ከሴንሰሮቻችሁም አንዱን ለዘለቄታው ከዋቢው ጎን ተዉት። እሱ ሲያፈነግጥ ሌሎቹንም አውርዳችሁ ተመልከቱ።

ዋቢ መሣሪያ ግን የት አለን? ልባችሁ የሚጠይቀው ይህንን እንደሆነ አውቃለሁ። አዲስ አበባ የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የፒኤም 2.5 ቁጥሩን በየሰዓቱ ለሕዝብ ያሳይ ነበር። ብዙ ሰው ያንን እንደ ዋቢ ይጠቀምበት ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የአሜሪካ መንግሥት የኤምባሲዎቹን መረጃ ለሕዝብ ማሰራጨቱን አቆመ። በሌላ ሰው ግቢ ባለ መሣሪያ ላይ መመካት የት እንደሚያደርስ ከዚህ በላይ የሚያስተምር የለም። ካምፓላ የሚገኘው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሌላ መንገድ አሳይቶናል። ኤርኮ የተባለው ፕሮጀክታቸው እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የራሳቸውን ሴንሰር ለራሳቸው አቧራ፣ ሙቀትና የመብራት መቆራረጥ ሠርተዋል። ከባም ጎን አስቀምጠው ካሊብሬት ያደርጋሉ፣ ዛሬ በሌሎች የአፍሪካ ከተሞችም ይሠራሉ። እነሱ ከቻሉ የወሎ ልጅ የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ወሎ አንድ ባም ያስፈልጋታል። አንድ ብቻ ከሆነ ቋሚ ቦታ አይሰጠው። በጋውን ኮምቦልቻ ይዋል፣ ምክንያቱም እዚያ አቧራው ሴንሰሮቹን አሳንሰው እንዲያነቡ የሚያደርጋቸው ያኔ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩም፣ ፋብሪካዎቹም፣ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደው የከባድ መኪና መንገድም እዚያው ናቸው። ክረምት ሲገባ ደሴ ይውጣ፣ ጉሙ ሴንሰሮቹን አብዝተው እንዲያነቡ የሚያደርጋቸው ያኔ ነውና። በልጉን ይካፈሉት። መሣሪያው በተጓዘ ቁጥር ማጥራቱና የአየር ፍሰቱን መፈተሹ ሥራ አለው፣ ግን የሚቻል ሥራ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ደሴም ኮምቦልቻም አለ። ሰውም ቦታም አለን።

ያ እስኪሆን ዝም ብለን አንቀመጥም። አንድ ሴንሰር አዲስ አበባ ወስዶ፣ እዚያ ካለ ዋቢ ጎን አሰንብቶ መልሶ ማምጣት ይቻላል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች በአየር ግፊት ለደሴ ትቀርባለች። ለኮምቦልቻ ግን አትቀርብም፣ እሷ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአዲስ አበባ ብክለትም የመኪናው ድርሻ ከእኛ ይለያል። ስለዚህ ጊዜያዊ መፍትሔ ነው።

ካሊብሬት ያልተደረገ ሴንሰርም ቢሆን ራሱን ከራሱ ጋር ለማወዳደር ይረዳል። አንድ ቦታ፣ አንድ ሴንሰር፣ ምድጃው ከመቀየሩ በፊትና በኋላ። ግን እዚህም እርጥበቱን አትርሱት። ደሴ ላይ ጎህ ሲቀድ የሚታየው ከፍ ያለ ቁጥር በገደሉ መካከል በብርድ የታፈነ የማገዶ ጭስ ሊሆን ይችላል። ጉምም ሊሆን ይችላል። እርጥበቱን አብሮ ያልመዘገበ ሰው አይለየውም።

ስለ ማድ ቤት ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። ከቤት ውስጥ ጭስ የተነሣ በዓለም ላይ በዓመት 3.2 ሚሊዮን ገደማ ሰው እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2020 ገምቷል። ጭሱን የሚተነፍሱት በአብዛኛው እናቶቻችንና በጀርባቸው ያሉት ሕፃናት ናቸው። በሦስት ጉልቻ እንጀራ በሚጋገርበት ቤት ቁጥሩ ከሺህ ሊያልፍ ይችላል። የፕላንታወሩ ሴንሰር በደህና የሚያነበው እስከ 500 ነው። ከዚያ በላይ እየታወረ ይሄዳል። እውነተኛው ጭስ በእጥፍ ሲጨምር የእሱ ቁጥር በእጥፍ ላይጨምር ይችላል። «ምርጥ ምድጃ ጭሱን በዚህን ያህል ቀነሰ» ብሎ ለመናገር ሲፈለግ ይህ ትልቅ ጉዳት አለው፣ ምክንያቱም የድሮው ምድጃ ከእውነቱ አንሶ ይታያል፣ የአዲሱም ጥቅም አብሮ ያንሳል። የማድ ቤት ሴንሰር በማድ ቤት ጭስ፣ ከፊልተር ጎን፣ ለብቻው ካሊብሬት ይደረግ። የበረንዳውን ቀመር ማድ ቤት አታስገቡት።

ከሁሉም በላይ ይህን አደራ እላለሁ። ከሰል ከተቀጣጠለ በኋላ ጭሱ ይጠፋል። የብናኝ ሴንሰሩም አረንጓዴ ሊያሳይ ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ገዳይ ጋዝ ግን ክፍሉን ሞልቷል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ይህ ሴንሰርም ፈጽሞ አያየውም። በደሴ ብርድ ምድጃ ይዞ ገብቶ በር ዘግቶ የሚተኛ ሰው ብዙ ነው። እባካችሁ፣ በብናኝ ሴንሰር አረንጓዴ መብራት ማንም ሰው ከሰል አስገብቶ እንዳይተኛ ለጎረቤት ሁሉ ንገሩ።

አንድ አባት እጃቸውን አውጥተው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ጭሱን በዓይናችን እናየዋለን። ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው?» አባቴ፣ እውነትዎን ነው፣ ጭሱ ይታያል። ግን አንድ ፋብሪካ «የእኔ አይደለም» ሲል፣ ወይም ለምድጃ በጀት ስንጠይቅ «አሳዩኝ» ስንባል፣ ይዘን የምንቀርበው ቁጥር ነው። ቁጥሩን «ጉም ቆጥራችሁ ነው» ብሎ አንድ ባለሙያ በአንድ ቃል ከጣለብን፣ የሕዝቡ አቤቱታም አብሮ ይወድቃል። የምንደክመው ማንም የማይጥለው ቁጥር ይዘን ለመቅረብ ነው።

አንድ ተማሪ ደግሞ «ዋቢ መሣሪያ ከሌለ በማሽን ለርኒንግ ማስተካከል አይቻልም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ማሽን ለርኒንግ፣ ማለትም ኮምፒውተር ቀመሩን ራሱ ከዳታ እንዲማር ማድረግ፣ ይረዳል። ሙቀት፣ እርጥበት፣ ሰዓትና ብናኝ ሲጠላለፉ ከቀጥታ መስመር የተሻለ ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን የሚማረው ከዋቢ ነው። ዋቢ የሌለው ሞዴል የሚማርበት እውነት የለውም። የኮምቦልቻን አቧራ ያላየ ሞዴልም አቧራው ሲመጣ ይገምታል እንጂ አያውቅም። መጀመሪያ ቀላሉን ቀመር ሥራ፣ ከዚያ ሞዴልህ በምን ያህል እንደሚበልጠው ባልታየ ወቅት ላይ አሳየኝ።

መጨረሻ ላይ የጠየቀችው የፊዚክስ መምህርት ናት። ትምህርት ቤቷ አንድ ሴንሰር አለው፣ ዋቢ ግን የላትም። «ከየት ልጀምር?» አለችኝ። አብሽሪ፣ መጀመሪያ ሴንሰሩን ከመሬት ሁለት ሦስት ሜትር ከፍ አድርገሽ፣ ከማድ ቤት፣ ከጄኔሬተርና ከባጃጅ መቆሚያ ርቀሽ ስቀይው። ዝናብ አይምታው፣ አየር ግን ይግባበት። የእርጥበትና የሙቀት መለኪያ ከጎኑ ይኑር። ተማሪዎችሽ በየተራ ደብተር ይያዙ፦ ዛሬ ጉም ነበር፣ ዛሬ አቧራ ነበር፣ ጎረቤት ድግስ ደግሶ ማገዶ ሲነድ ዋለ፣ መብራት ጠፋ። ሰዓቱን በአገራችንም በፈረንጁም አቆጣጠር ይጻፉት። ቀይና አረንጓዴ ቀለም ለጊዜው ለማንም አታሳዩ። ጥሬ ቁጥሩን አትሰርዙ፣ በላዩም ላይ አትጻፉበት፣ የተስተካከለውን በሌላ ዓምድ አስቀምጡት። ዋቢ መሣሪያ ወሎ የገባ ቀን ሴንሰርሽን ይዘሽ ነይ። ከጎኑ እናሰነብተዋለን፣ ቀመር እናወጣለን። ደብተሩና ጥሬው ቁጥር ከእርጥበቱ ጋር ካሉ ያለፈውንም ዓመት ወደ ኋላ ተመልሰን ማስተካከል እንችላለን።